ስለ ማይክሮኮንትሮለር እግሮችና ከልክ ስላለፈ ቮልቴጅ

በአርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ ላይ ተቀምጦ የስንቱን ተማሪ እጅ ከኤሌክትሮኒክስ ሥራ ጋራ ያለማመደው ኤቲሜጋ 328ፒ የተባለው ማይክሮኮንትሮለር፣ ከሠሪው ዘንድ የሚወጣለት ዳታሺት በብዙ መቶ ገጽ የሚቈጠር ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ ሁሉ ገጽ መካከል የቺፑን ሕይወትና ሞት የምትወስነው ጥቂት መስመር ብቻ ያላት አንዲት ሠንጠረዥ ናት። ይህችው ሠንጠረዥ፣ ከሪሴት እግር በቀር፣ በማናቸውም እግር ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ወደ ታች ከግራውንድ፣ ወደ ላይም ከመመገቢያው ቮልቴጅ፣ ከ0.5 ቮልት አልፎ እንዳይርቅ ትደነግጋለች፤ እንግዲህ ቺፑ 5 ቮልት ሲመገብ የላይኛው ድንበር 5.5፣ 3.3 ቮልት ሲመገብ ደግሞ 3.8 ቮልት ይሆናል። ንባቡ ይህ ነው። ትርጓሜው ግን፣ በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት አንዱ ኀይለ ቃል «አንድም» እየተባለ በየመንገዱ እንደሚፈታ፣ በቺፕ ሠሪዎችም፣ በመሐንዲሶችም፣ በተማሪዎችም ዘንድ ልዩ ልዩ ሆኖ ኖሯል፤ አንዱ ድንበሩን ፈጽሞ የማይነካ ሕግ ያደርገዋል፣ ሌላው በሬዚስተር እየተመጠነ ሊታለፍ የሚቻል ምክር ነው ይላል፣ ሦስተኛው ከነጭራሹ ሽቦውን ቈርጦ በብርሃን ብቻ መነጋገርን ይመርጣል።

እነዚህን ትርጓሜዎች በየተራ ከመመርመሬ በፊት የራሴን አቋም ልናገር፤ አንባቢ ከየት ቆሜ እንደምመዝን ይወቅ። ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ቺፕን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በሚያስገባው ከረንት ነው፤ ስለዚህ ጠባቂ ሊመርጥ የተነሣ ሰው «ምን ያህል ቮልት ይመጣብኛል» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ቢሆንም፣ ከዚያ አልፎ «ትርፉ ከረንት በየት ገብቶ፣ በምን ተመጥኖ፣ ወዴት ይወጣል» ብሎ ካልጠየቀ፣ የመረጠው ጠባቂ በአንዱ ደጃፍ ሲከላከል በሌላው ደጃፍ ጠላት እንደሚያስገባ ዘበኛ ይሆንበታል።

ማናቸውም የመግቢያ እግር በመጨረሻ የሚደርሰው ወደ ሞስፌት ትራንዚስተር በር ነው። ይህ በር ከሥሩ ካለው ሲሊከን የሚለየው፣ የሰው ጠጉር ውፍረት በብዙ ሺህ ቢከፈል የአንዱን ክፋይ ያህል በሚሳሳ የሲሊከን ኦክሳይድ ንጣፍ ነው፤ ንጣፉም አንድ ጊዜ ከተበሳ የሚጠግነው የለም። ቺፕ ሠሪዎች ይህን ድካሙን ስለሚያውቁ በየእግሩ ሥር ሁለት ዳዮዶች ያኖራሉ፤ አንደኛው ከእግሩ ወደ መመገቢያው መስመር ያሳልፋል፣ ሁለተኛው ከግራውንድ ወደ እግሩ ያሳልፋል፣ በደኅናው ጊዜ ግን ሁለቱም ዝግ ናቸው። እግሩ ከመመገቢያው በላይ በግማሽ ቮልት ገደማ ሲያልፍ የላይኛው ይከፈታል፤ ከግራውንድ በታች በዚያው ልክ ሲወርድ የታችኛው ይከፈታል። የሠንጠረዧ 0.5 ቮልት የመጣችው ከዚሁ ነው፤ የዳዮዶቹ መከፈቻ አፋፍ ናትና። የሪሴት እግር ለብቻው እስከ 13 ቮልት የተፈቀደለትም፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ፕሮግራም በሚጻፍበት ጊዜ 12 ቮልት እንዲቀበል ተብሎ የላይኛው ዳዮድ ስላልተደረገለት ነው፤ ስለዚህም እርሱ በሌላ በኩል ከባልንጀሮቹ ይልቅ ለእጅ ብልጭታ የተጋለጠ ነው።

ዳዮዶቹ የተሠሩበትን ዓላማ ማወቅ የክርክሩን ግማሽ ይፈታል። የተሠሩት ቺፑ ከፋብሪካ ወጥቶ በቦርድ ላይ እስኪበየድ ድረስ ከሰው ጣትና ከዕቃ የሚዘልበትን የስታቲክ ብልጭታ እንዲችሉ ነው። ይህ ብልጭታ በላቦራቶሪ የሚመሰለው 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ተሞልቶ በ1.5 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ወደ እግሩ ሲፈስ ነው፤ በ2,000 ቮልት ከተሞላ የከረንቱ ጫፍ 1.3 አምፔር ያህል ይደርሳል። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠቅላላው ጉልበት ከ0.2 ሚሊጁል አይበልጥም፣ ዕድሜውም የጥቂት መቶ ናኖሰከንድ ነው። በአንጻሩ የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ያለ ሬዚስተር በቀጥታ እግሩን ቢነካ፣ ጫፉ ከዚያ ባይበልጥ እንኳ ማብቂያ የለውም፤ ባትሪው እስኪደክም ወይም ቺፑ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ እስክትቀልጥ ይፈሳል። አንድን ብልጭታ የሚችል ዳዮድ የዘወትር ሸክም ይችላል ማለት፣ አንድ ጊዜ ዘሎ ቦይ የተሻገረ ሰው ወንዙን ተሸክሞ ይኖራል እንደማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤቴ ጣራ ላይ ላለው ሮቶ የውሃውን ልክ የሚነግር ተንሳፋፊ ማብሪያ አበጅቼ፣ ሽቦው 30 ሜትር ያህል ስለሚረዝም ቮልቴጁ ከፍ ቢል ይሻላል ብዬ፣ ከ12 ቮልት ባትሪ አነሣሁት፤ በቦርዱ በኩል ደግሞ አንዲት 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ብቻ በመስመሩ ላይ ሰካሁና ለሳምንታት በደንብ ሠራ። አንድ ቀን የቦርዱን ኀይል ነቅዬ አንድ ነገር ላስተካክል ስል፣ የቦርዱ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አልጠፋ አለች፤ ፈዘዝ ብላ ትበራለች። መልቲሜትሩን በመመገቢያውና በግራውንዱ ላይ ባሳርፍ 2.6 ቮልት አነበብሁ። ነገሩ ሲመረመር ምሥጢር አልነበረውም፤ ከሮቶው የሚመጣው 12 ቮልት በሬዚስተሩ አልፎ፣ በእግሩ ገብቶ፣ በላይኛው ዳዮድ ወጥቶ፣ መላውን ቦርድ ወደ 2 ሚሊአምፔር በሚጠጋ ከረንት በጓሮ በር ይመግብ ነበር። በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ አንድ ማታ፣ ሰማዩ ሲያጓራ አምሽቶ ሲነጋ ቦርዱ ዝም አለ፤ መልቲሜትሩም በዚያች እግርና በግራውንዱ መካከል ጥቂት ኦም ብቻ አሳየኝ። መብረቅ በቀጥታ አልመታኝም፤ ረጅሙ ሽቦዬ በአካባቢው ከወደቀው መብረቅ የተቀበለው ጉልበት ብቻ በቃው። ይህን የማወራው የስሕተቱ ባለቤት ራሴ ስለሆንሁ ነው፤ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ልዩ ልዩ ጠላቶች ነበሩ፣ አንዱ ዘወትር የሚፈስ ትንሽ ከረንት፣ ሌላው ለአፍታ የሚመጣ ታላቅ ግፊት፣ እኔም ለሁለቱም አንድ ሬዚስተር ሰጥቼ ተኛሁ።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ፤ በውስጥ ያሉትን ዳዮዶች ለዘወትር ሥራ መጠቀም ይፈቀዳልን? የሚፈቅዱት ወገኖች አንድ ታላቅ ምስክር አላቸው። ራሱ የኤቲሜጋ 328ፒ ሠሪ የነበረው አትሜል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በማይክሮቺፕ ከመገዛቱ በፊት፣ ኤቪአር 182 በተባለው የአሠራር ማስታወሻው፣ የግድግዳውን ተለዋዋጭ ከረንት ዜሮ የሚያልፍበትን ቅጽበት ለማወቅ መስመሩን በ1 ሜጋኦም ሬዚስተር ብቻ አሳልፎ በቀጥታ ወደ ቺፑ እግር አስገብቷል፤ የሚቀረውን ሥራ የውስጥ ዳዮዶቹ ይጨርሱታል። በእኛ 220 ቮልት የሞገዱ ጫፍ 311 ቮልት ስለሚሆን፣ በዚያ ሬዚስተር የሚያልፈው ከረንት ከ0.31 ሚሊአምፔር ያህል አይበልጥም። ይኸው ማስታወሻ ግን በዳዮዶቹ ከ1 ሚሊአምፔር በላይ እንዳይፈስ ይመክራል፤ የፈቃዱ ወሰን ይህ ነው፣ ምስክሩን የሚጠሩ ብዙዎችም ይህን ኋለኛ ቃል ሳይጠቅሱ ያልፋሉ። እኔ ደግሞ ሁለት ነገር እጨምራለሁ። በየሱቁ የሚሸጠው የሩብ ዋት ሬዚስተር ራሱ የሚችለው ቮልቴጅ ብዙውን ጊዜ 250 ቮልት ገደማ ስለሆነ፣ አንዱን 1 ሜጋኦም በሁለት 470 ኪሎኦም ከፍሎ በተከታታይ መስካት ይገባል። ከሁሉም በላይ ግን እንዲህ ያለው ዑደት ከግድግዳው መስመር ጋራ አንድ ሥጋ ስለሚሆን፣ ግራውንዱን የነካ ሰው መስመሩን ነካ ማለት ነው፤ ቺፑ ቢድንበትም ሰው ይሞትበታል። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ፣ የኮምፒውተር ገመድም ሳይገናኘው የሚሠራ ዕቃ ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይሞክረው እለምናለሁ።

ሌሎች ሠሪዎች ነገሩን በሌላ ቋንቋ ይናገሩታል። ኤስቲኤም 32ኤፍ103 በተባለው ማይክሮኮንትሮለር ዳታሺት ውስጥ «የገባ ከረንት» የሚል የራሱ መስመር አለ፤ በተራው እግር 5 ሚሊአምፔር፣ በሁሉም እግሮች ድምር 25 ሚሊአምፔር ድረስ ይታገሣል። ቮልቴጁን ብቻ ከሚደነግግ ይልቅ ይህ አጻጻፍ ለእውነቱ የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም መሐንዲሱ ሬዚስተሩን የሚያሰላው ከከረንት ነውና። ይኸው ዳታሺት ከግራውንድ በታች የሚገባ ከረንት የአናሎጉን ንባብ እንደሚያውክ ያስጠነቅቃል፤ ይህም ብዙ ሰው ያላስተዋለውን ምሥጢር ይገልጣል። አንዲት እግር ላይ የገባ ትርፍ ከረንት በሲሊከኑ ውስጥ ተበትኖ የጎረቤቷን እግር ንባብ ሊያዛባ ይችላል፤ ከዚያም ሲያይል በቺፑ ውስጥ ሳይታሰቡ የተፈጠሩ ትራንዚስተሮች ተቈላልፈው፣ መመገቢያውን ከግራውንድ ጋራ አጣብቀው፣ ኀይሉ እስኪነቀል ድረስ እሳት እንዲያነድዱ ሊያደርግ ይችላል። የቺፕ ሰዎች ላችአፕ የሚሉት ይህን ነው። ሁለቱን ወገኖች ሳስታርቅ የምደርስበት ፍርድ እንዲህ ነው፦ የውስጥ ዳዮድ ለድንገተኛ ነገር የመጨረሻው ዘበኛ ይሁን፤ ለዘወትር ሥራ ግን ሠሪው በቁጥር ፈቃድ ካልጻፈለት በቀር አይቀጠር፣ ፈቃድ ቢጻፍለትም ከፈቃዱ አንድ ዐሥረኛውን ብቻ ይሸከም።

የጠባቂዎች ሁሉ አባት በተከታታይ የሚሰካው ሬዚስተር ነው። ርካሽ ነው፣ አያረጅም፣ ስሌቱም በአንድ መስመር ያልቃል፤ 24 ቮልት በስሕተት ወደ 5 ቮልት እግር ቢመጣ፣ በ10 ኪሎኦም የሚያልፈው ከረንት 24 ከ5.6 ቢቀነስ ለ10,000 ሲካፈል 1.8 ሚሊአምፔር ያህል ነው። ዋጋው ግን ፍጥነትና ትክክለኛነት ነው። የኤቲሜጋ 328ፒ የአናሎግ መግቢያ ከ10 ኪሎኦም ለማይበልጥ ምንጭ የተመቻቸ በመሆኑ፣ ጥበቃን ፍለጋ 100 ኪሎኦም የሰካ ሰው በውስጥ ያለችው ትንሽ ካፓሲተር በጊዜው ሳትሞላ ስለምትቀር ንባቡ ይሳሳትበታል፤ መድኀኒቱ ከእግሩ እስከ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ማኖር ነው። ሬዚስተሩና ካፓሲተሩ ሲተባበሩ አጭር ግፊትንም ያለዝባሉ፤ 10 ኪሎኦምና 100 ናኖፋራድ 1 ሚሊሰከንድ የምትዘገይ ማጣሪያ ይሆናሉ፣ ለማብሪያና ለባትሪ ንባብ ይህ መዘግየት ምንም አይደለም። በፍጥነት ለሚነጋገር መስመር ግን ይህ አይሆንም፤ እዚያ ከ100 እስከ 330 ኦም ብቻ ተሰክቶ ቀሪው ሥራ ለሌላ ጠባቂ ይተዋል።

ቮልቴጁ ዘወትር ከፍ ያለ መሆኑ ከታወቀ፣ ለምሳሌ የ12 ቮልት ባትሪ ሲለካ፣ ሁለት ሬዚስተሮችን አጋጥሞ መክፈል የሚበልጠው መንገድ ነው። 30 ኪሎኦም ከላይ፣ 10 ኪሎኦም ከታች ቢሆን ለአራት ይከፍላል፤ ሲሞላ 14.4 ቮልት የሚደርስ ባትሪ በእግሩ ላይ 3.6 ቮልት ብቻ ይሆናል፣ እስከ 20 ቮልት ቢዘልም ከ5 አያልፍም። በገጠር የፀሐይ ኀይል በተሠራላቸው ቤቶች ባትሪውን የሚጠብቅ መሣሪያ የሚሠሩ ወጣቶቻችን ከዚህ ቢጀምሩ መልካም ነው፤ ከፋዩን ሲያሰሉ ግን የተለመደውን 12 ሳይሆን ክፉውን ቀን ይያዙ። በመኪና ላይ ክፉው ቀን እጅግ ይከፋል፤ ባትሪው እየተሞላ ሳለ ገመዱ ቢላቀቅ ዲናሞው የሚያወጣው ግፊት፣ አይኤስኦ 16750-2 የተባለው መመዘኛ ለ12 ቮልት መኪና እንደሚያስቀምጠው፣ ማብረጃ ከሌለው ከ79 እስከ 101 ቮልት ሊደርስና እስከ 400 ሚሊሰከንድ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ከፋይ ብቻውን አይበቃም።

ከቺፑ ውጭ የሚሰኩ ጠባቂ ዳዮዶችን በተመለከተ፣ በብዙዎች ዘንድ የተመሰገነችው ባት 54ኤስ የተባለችው ጥንድ ሾትኪ ዳዮድ ናት። ስሟን ያገኘችው ከጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ከቫልተር ሾትኪ ነው፤ ጥበቧም በ1 ሚሊአምፔር በ0.3 ቮልት ገደማ መከፈቷ ነው። የውስጡ ዳዮድ ገና 0.6 ሲጠብቅ እርሷ ቀድማ ትከፍትና ከረንቱን በራሷ ላይ ትወስዳለች፤ መካከላቸው 1 ኪሎኦም ያህል ሌላ ሬዚስተር ቢሰካ ደግሞ ለቺፑ የሚቀረው ከምንም አይቈጠርም። ነውሯ ማፍሰስ ነው። ተዘግታ ሳለች በ25 ቮልትና በመጠነኛ ሙቀት እስከ 2 ማይክሮአምፔር ታፈስ ይሆናል፤ ይህ በ10 ኪሎኦም ላይ 20 ሚሊቮልት ስሕተት ይሆናል፣ በ5 ቮልትና በ10 ቢት ንባብ ደግሞ አራት ደረጃ ማለት ነው። ሙቀት ሲጨምር ፍሳሹ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ለማብሪያ ይህ ምንም አይደለም፤ የሙቀት መለኪያ ለሚያነብ ሰው ግን ሊታሰብ ይገባል፣ እዚያ ተራዋ የሲሊከን ዳዮድ ትሻላለች።

ከዚህ ጋራ የተያያዘ አንድ ነገር አለ፤ በየንድፉ የማየው ጉድለት እርሱ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገረው። ወደ መመገቢያው መስመር የሚከፈት ዳዮድ፣ ውስጥም ይሁን ውጭ፣ ከረንቱን አያጠፋውም፤ ወደ መመገቢያው ያሻግረዋል እንጂ። ያ መስመር ደግሞ የተሻገረለትን የሚበላ ነገር ከሌለው ይሞላል፤ ተራው ሬጉሌተር ከረንት ያወጣል እንጂ መልሶ አይውጥም። ቺፑ በእንቅልፍ ላይ ሆኖ ከ0.1 ሚሊአምፔር በታች የሚበላ ከሆነ፣ ከውጭም 1 ሚሊአምፔር የሚገባ ከሆነ፣ 3.3 ቮልት የነበረው መስመር ወደ 4፣ ወደ 5 ይወጣል፤ ያን ጊዜ በዚያ መስመር ላይ የተሰካው ዕቃ ሁሉ፣ ጥፋት ያልሠራው ሁሉ፣ አብሮ ይቃጠላል። አንድ እግር ለማዳን የተደረገ ነገር ቦርዱን ሁሉ ያጠፋል። መፍትሔው ከረንቱ የሚወጣበትን መንገድ መክፈት ነው፤ አንድም መስመሩ ላይ ዘወትር ከሚገባው የሚበልጥ የሚበላ ሸክም ማኖር፣ አንድም 5 ቮልት በሆነ መስመር ላይ 5.6 ቮልት የሆነ ዜነር ወደ ግራውንድ ማቆም፣ አንድም መጀመሪያውኑ ከረንቱን ወደ መመገቢያ ሳይሆን ወደ ግራውንድ የሚያወርድ ጠባቂ መምረጥ ነው።

ወደ ግራውንድ የሚያወርደው ጠባቂ የታወቀው ዜነር ዳዮድ ነው፤ ስሙ የተጠራበት ክላረንስ ዜነር እ.ኤ.አ. በ1934 የኤሌክትሪክ መበሳትን ትምህርት የጻፈ አሜሪካዊ ነው። ብዙ መምህራን «3.3 ቮልት ዜነር ስካና ተገላገል» ብለው ያስተምራሉ፤ በዚህ እለያለሁ። ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያላቸው ዜነሮች መከፈቻ አፋፋቸው ለስላሳ ነው። 1ኤን4728ኤ የተባለው የ3.3 ቮልት ዜነር ቁጥሩን የሚያገኘው 76 ሚሊአምፔር ሲያልፍበት ነው፤ በ1 ቮልት ገና 100 ማይክሮአምፔር ሊያፈስ ይፈቀድለታል። እንግዲህ በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር የተመጠነ ትንሽ ከረንት ሲሰጡት ከ3.3 በታች ምልክቱን ይበላል፤ ሬዚስተሩን አሳንሰው ብዙ ሲሰጡት ደግሞ ከ3.3 በላይ ይወጣል። በ5.1 ቮልት ያለው ግን ጠባዩ እየጠነከረ ስለሚሄድ ለ5 ቮልት እግር ከጥሩ ሬዚስተር ጋራ ማገልገል ይችላል። ለ3.3 ቮልት ሥራ ዜነር አልመርጥም።

ለመብረቅና ለጣት ብልጭታ የተሠሩት ቲቪኤስ ዳዮዶች ግርፊያን የሚችሉ ብርቱዎች ናቸው፤ ኤስኤምቢጄ የተባሉት 600 ዋት ለአንድ ሚሊሰከንድ ያህል ይሸከማሉ። ብርታታቸው ግን ብዙዎችን ያታልላል። 5.0 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ኤስኤምቢጄ 5.0ኤ፣ 65 አምፔር ሲያልፍበት 9.2 ቮልት ላይ ነው የሚያቆመው፤ 9.2 ቮልት ደግሞ ለ5 ቮልት እግር ሞት ነው። ቁጥሩ ያለ ሥራ የሚቆምበትን እንጂ ሲመታ የሚይዘውን አይናገርምና። ስለዚህ ቲቪኤስ በውጭ ደጃፍ ላይ ይቁም፤ ከእርሱ በኋላ ሬዚስተር፣ ከሬዚስተሩ በኋላ ሾትኪ፣ ከሾትኪው በኋላ የቺፑ የራሱ ዳዮድ ይከተል። ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ እንደሚከፈልና ወደ ውስጥ በተገባ ቍጥር የሚገባው እያነሰ እንደሚሄድ፣ በዚህም ሥርዓት በየደረጃው የሚያልፈው ከረንት ያንሳል፤ የብዙ ሰው ሥራ የሚበላሸው ሁሉን ከመቅደሱ ደጃፍ ላይ አጭቆ ቅጽሩን ክፍት ስለሚተው ነው።

የቲቪኤሱ ቦታም እንደ ራሱ ያህል ይከብዳል። አይኢሲ 61000-4-2 በተባለው መመዘኛ በ8,000 ቮልት የሚሞከረው የእጅ ብልጭታ በ1 ናኖሰከንድ ገደማ እስከ 30 አምፔር ይወጣል። አንድ ሴንቲሜትር ሽቦ 10 ናኖሄንሪ ያህል ኢንዳክታንስ ስላለው፣ ከቲቪኤሱ እስከ ግራውንድ ያለው መንገድ በአንድ ሴንቲሜትር ቢረዝም በዚያች ቅጽበት 300 ቮልት በሽቦው ላይ ብቻ ይቆማል። ስለዚህ ቲቪኤሱ ገመዱ ከቦርዱ በሚገናኝበት አፍ ላይ፣ ግራውንዱም አጠገቡ ሆኖ ይበየድ።

በአንድ ቤት ውስጥ ሆነው በልዩ ልዩ ቮልቴጅ የሚነጋገሩ ክፍሎች ሌላ ዓይነት ጥያቄ ናቸው። ለ3.3 ቮልት ቦርድ፣ ለምሳሌ ለራስፕቤሪ ፓይ፣ ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለውን የአልትራሳውንድ ርቀት መለኪያ የሚያገናኝ ተማሪ የመለኪያው መመለሻ እግር 5 ቮልት መሆኑን ሲዘነጋ ቦርዱን ያጣል፤ 1 ኪሎኦምና 2 ኪሎኦም ከፋይ ቢሰካ 3.33 ቮልት ሆኖለት በሳንቲም ይድን ነበር። ሁለት ወገን ለሚናገሩ መስመሮች ደግሞ፣ በፊሊፕስ ቤት ኸርማን ሹተ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሠራር ማስታወሻ ኤኤን97055 የገለጠው የአንድ ሞስፌትና የሁለት ሬዚስተር ዘዴ እስከ ዛሬ የሚወዳደረው የለም። ኤስቲኤም 32ኤፍ103 በአንዳንድ እግሮቹ 5 ቮልት የሚታገሠው ለእነዚያ እግሮች የላይኛው ዳዮድ ስላልተደረገላቸው ነው፤ ወሰናቸው ግን ከመመገቢያው በላይ 4 ቮልት ተብሎ የተጻፈ በመሆኑ፣ ቺፑ ኀይል ሳያገኝ 5 ቮልት ቀድሞ ከመጣ ወሰኑ ከ4 ቮልት አያልፍም። «5 ቮልት ይታገሣል» ሲባል ይህን ሁኔታ ማስታወስ ይገባል።

በመጨረሻ ሽቦውን ቈርጠው በብርሃን ብቻ የሚያሳልፉት ኦፕቶካፕለሮች ይመጣሉ፤ ለረጅም መስመር፣ ለፋብሪካ 24 ቮልት፣ የራሱ ባትሪ ላለው ባዕድ ዕቃ ሁሉ እኔ ያለማመንታት የምመርጠው ይህን ነው። ፒሲ 817 የሚባለው፣ በየሬዲዮ ጠጋኙ ሣጥን የሚገኘው፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል 5,000 ቮልት የሚችል ርካሽ ዕቃ ነው። ለ12 ቮልት 2.2 ኪሎኦም በውስጡ ባለው መብራት መስመር ላይ ሲሰካ 5 ሚሊአምፔር ያህል ያበራዋል፤ መብራቱ የተገላቢጦሽ ቮልቴጅ ከ6 ቮልት በላይ ስለማይችል አንድ 1ኤን4148 በተቃራኒ አቅጣጫ ትይዩ ይደረግለት። ዕድሜው ሲገፋ ብርሃኑ እንደሚደክም ታስቦ በቺፑ በኩል ያለው ወደ ላይ የሚስብ ሬዚስተር ከ10 ኪሎኦም እንዳያንስ ማድረግ ጥሩ ነው። በጣራዬ ላይ ያለው ሮቶ አሁን በዚህ መንገድ ይናገራል፤ በሽቦው መግቢያ ላይም ቲቪኤስ ቆሟል።

አንባቢ ሆይ፣ በእጅህ የሠራኸውን ሣጥን ከመክደንህ በፊት አንድ ነገር አድርግ፦ የቦርዱን ኀይል ንቀል፣ ከውጭ የሚመጡ ሽቦዎችን ሁሉ እንደተሰኩ ተዋቸው፣ መልቲሜትሩንም በመመገቢያውና በግራውንዱ መካከል አድርገህ አንብብ። ከዜሮ የተለየ ቁጥር ካየህ፣ ሳታውቀው የከፈትኸው የጓሮ በር አለና ሣጥኑን አትክደነው።